የጨዋታ ኮምፒዩተር ሲያዘግም የቱ አካል ይለወጥ?



በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ጥናት ዘዴ፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ማስተማሪያ መሣሪያ አዘገጃጀት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ርዕስ ግን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ይኸውም ጨዋታ የምንጫወትበት ኮምፒዩተር ሲያዘግም ከአካላቱ ውስጥ የትኛው መለወጥ እንዳለበት በምን እናውቃለን? የሚል ነው።

«መምህር የሚሆን ሰው ከጨዋታ ምን አለው?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። በየማደሪያ ክፍሉ አሮጌ ኮምፒዩተር ገዝተው «ምን ልጨምርበት?» እያሉ ብር የሚያጠራቅሙ ጓደኞች አሉን። ያ ብር ከቤተሰብ ጉሮሮ የተቀነሰ ነው። ጨዋታው ጨዋታ ቢሆንም ብሩ ጨዋታ አይደለም። ደግሞም ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ቢኖርና «ይዘገያል» ቢባል፣ ችግሩ የሚመረመረው ከዚህ በታች በምዘረዝረው ዓይነት መንገድ ነው።

በቤታችን የደረሰው

እኔ ይህን ነገር የተማርኩት በኪሳራ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ታላቅ ወንድሜ በሠፈራችን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ልጆች በሰዓት እየከፈሉ የሚጫወቱበት ቤት ከፍቶ ነበር። ከዕቃዎቹ ሁሉ የተሻለ ገቢ የሚያስገባው ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ አንዲት ትንሽ ግራፊክስ ካርድ ተገጥሞበታል። ልጆቹ የሚወዱት ብዙ ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ የሚገቡበትን የተኩስ ጨዋታ ነው። ታዲያ ግርግር ሲበዛ፣ ልክ ባላጋራ ብቅ ሲል፣ ሥዕሉ ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል። ልጆቹም «ጋሼ፣ ብሬን መልስልኛ!» ማለት ጀመሩ። ቀስ በቀስም ወደ ሌላ ቤት መሄድ አመጡ።

ወንድሜ እህታችንን አማከራት። እህታችን ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። «እንግዲህ እንጀራህ ከሆነ» ብላ የሁለት ወር ደመወዟን ላከችለት። እሱም በቀጥታ ወደ ዕቃ ሻጭ ሄዶ «ለጨዋታ የሚሆን ጥሩ ነገር ስጠኝ» ሲል ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ተሸጠለት። ኮምፒዩተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም።

ካርዱ ቤት ደርሶ ሲከፈት ተጨማሪ ኃይል የሚቀበልበት ባለ 8 እግር መሰኪያ አለው። የእኛ ፓወር ሰፕላይ ግን እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ሻጩን ብንለምነው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። ስለዚህ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተገዛ። ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ካርዱ ተገጠመ፤ ሥዕሉም አማረ። ግርግሩ ሲመጣ ግን እንደ ድሮው ቀጥ አለ። ወንድሜ የዚያን ዕለት ማታ እራቱን አልበላም። እህታችን ስትደውልም «በጣም ተሻሽሏል» ብሎ ዋሻት። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማ ነበር።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው ነው የሆነው። ለመሆኑ ስህተቱ የት ላይ ነበር? ይህን ለማወቅ በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን እንዴት እንደሚያወጣው ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ሥዕል እንዴት ይወጣል?

በጨዋታ ላይ የምናየው እንቅስቃሴ እንደ ፊልም ሁሉ የተከታታይ ሥዕሎች ውጤት ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 60 ፍሬም ከወጣ እንቅስቃሴው ለዓይን የለሰለሰ ይሆናል። ከ30 በታች ሲወርድ ግን መንቀጥቀጡ ለማንም ይታወቃል።

አንዱን ፍሬም ለማውጣት በዋናነት ሁለት ሠራተኞች ይሳተፋሉ። የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩ ነው። እሱም ተጫዋቾቹ የት እንደቆሙ፣ ጥይቱ የት እንዳረፈ፣ የቱ በር እንደተከፈተ አስልቶ «ይህን ይህን ሣል» ብሎ ያዛል። ሁለተኛው ግራፊክስ ካርዱ ሲሆን፣ ትእዛዙን ተቀብሎ በስክሪኑ ላይ ያሉትን ነጥቦች በሙሉ አንድ በአንድ ቀለም ይቀባል።

የምግብ አዳራሻችንን ሰልፍ እናስብ። አንዷ እንጀራ ታነሳለች፤ ቀጥላ ያለችው ወጥ ትጨልፋለች። እንጀራ የምታነሳው ለአንድ ሰው 20 ሴኮንድ ቢፈጅባትና ወጥ የምትጨልፈው 15 ሴኮንድ ቢበቃት፣ ሰልፉ የሚራመደው በየስንት ሴኮንዱ ነው? በየ20 ነው። ወጥ ጨላፊዋን በሌላ ፈጣን ሰው ብንተካት ሰልፉ አንድ እርምጃ አይፈጥንም፤ አዲሷ ጨላፊ ጭልፋዋን ይዛ እንጀራ እስኪመጣ ትጠብቃለች እንጂ።

ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ነው። አንድ ሴኮንድ 1000 ሚሊሴኮንድ መሆኑ ይታወቃል። ፕሮሰሰሩ አንዱን ፍሬም ለማዘጋጀት 20 ሚሊሴኮንድ፣ ካርዱ ደግሞ ለመሣል 15 ሚሊሴኮንድ ቢወስድባቸው፣ የሚወጣው 1000 ሲካፈል ለ20 ማለትም በሴኮንድ 50 ፍሬም ነው። አሁን በ7 ሚሊሴኮንድ የሚሥል ውድ ካርድ ገዝተን እንግጠም። ውጤቱ አሁንም 50 ነው! በዚያ ፈንታ ካርዱን እንዳለ ትተን በ12 ሚሊሴኮንድ የሚያዘጋጅ ፕሮሰሰር ብናስገባ፣ አሁን ዘገምተኛው 15 የሚፈጅበት ካርድ ስለሚሆን ውጤቱ 66 ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የሚለወጠው ዘገምተኛው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ዘገምተኛው ሲፈጥን ተራው ለሌላው ይደርሰዋል። ስለዚህ ከልክ በላይ ፈጣን ዕቃ መግዛትም ብር ማባከን ነው።

ብር የማይጠይቁ ምርመራዎች

እኛ አዲስ ክፍል ስንረከብ ማስተማር ከመጀመራችን በፊት የተማሪዎቹን ደረጃ ለማወቅ መመርመሪያ ፈተና እንድንሰጥ ተምረናል። ለኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። የሚከተሉትን ደብተር ይዞ ውጤቱን እየጻፉ መሥራት ያስፈልጋል።

ሀ) አቧራና ሙቀት። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ፣ ገመዱ ከግድግዳ ተነቅሎ፣ ሣጥኑ ይከፈትና አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሳቸውን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ጨዋታው ሲጀመር ደኅና ሆኖ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚያዘግም ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስትም በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ እሱን ማደስ ከሁሉ ርካሹ ጥገና ነው።

ለ) የሥዕሉን ነጥብ መቀነስ። ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ነው። በብዙ ስክሪን ላይ ያለው መጠን 1920 በ1080 ሲሆን፣ ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ገብተን ወደ 1280 በ720 ብናወርደው 921,600 ይሆናል፤ ማለትም ከግማሽ በታች ነው። የካርዱ ሥራ በዚያው መጠን ይቀልለታል፤ የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን ያው ነው፤ ተጫዋቹም ጥይቱም አልቀነሱምና። ስለዚህ ነጥቡ ሲቀንስ የፍሬሙ ቁጥር በጣም ከጨመረ ዘገምተኛው ካርዱ ነው። ቁጥሩ ባለበት ከቆመ ዘገምተኛው ፕሮሰሰሩ፣ ወይም ከሱ ጋር የሚሠራው ራም ነው። አደራ፣ ከፈተናው በፊት ቪ-ሲንክ የሚባለው ይጥፋ። አለዚያ ቁጥሩን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር ስለሚያስረው ውጤቱ ያሳስታል።

ሐ) ታስክ ማናጀርን ማየት። በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ባንድነት ሲጫኑ ይከፈታል። ጨዋታው እየሄደ ካርዱ 97 ወይም 99 በመቶ ከሆነ ሙሉ ኃይሉን እየሠራ ነው ማለት ነው። ራሙ ሊሞላ ጥቂት ከቀረው፣ ወይም ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ችግሩ በዚያ በኩል ነው። የፕሮሰሰሩን ቁጥር ስናነብ ግን መጠንቀቅ አለብን። ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር አንዱ ኮሩ ብቻ ተጨናንቆ ሦስቱ ሥራ ቢፈቱ የሚታየው 25 በመቶ ነው። ያየ ሰው «ፕሮሰሰሩማ ገና ምንም አልነካም» ይላል፤ ጨዋታው ግን ያንኑ አንድ ኮር እየጠበቀ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ኮር ሥዕላዊ መግለጫ ለየብቻ አስከፍቶ ማየት ይሻላል።

እያንዳንዱ አካል የሚያድነውና የማያድነው

ምርመራው ካለቀ በኋላ ወደ መድኃኒቱ እንሂድ።

1ኛ) ራም። ጨዋታው የሚሠራባቸውን ነገሮች በእጅ አጠገብ የሚይዝ ጠረጴዛ ማለት ነው። ጠረጴዛው ሲጠብ ኮምፒዩተሩ ዕቃውን ወደ ዲስክ እያመላለሰ ይደናቀፋል። ለብዙዎቹ የዛሬ ጨዋታዎች 8 ጊጋ ባይት ጠባብ ሲሆን 16 ይበቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ነው። ራም ሁለት ሆኖ በትክክለኛው ቦታ ሲገጠም መንገዱ በእጥፍ ይሰፋል። ዲ ዲ አር 3 የሚባለው ባለ 1600 ራም አንዱ ብቻ ሲሆን በሴኮንድ 12.8 ጊጋ ባይት፣ ሁለት ሲሆን 25.6 ጊጋ ባይት የማስተላለፍ አቅም አለው። ሆኖም ዲ ዲ አር 3 በዲ ዲ አር 4 ቦታ አይገባም፤ ጎድጓዳ ቁርጡ የሚገኝበት ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የነበረውን ነቅሎ ጽሑፉን ማንበብ ነው።

2ኛ) ዲስክ። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋ ባይት ገደማ ሲያነብ፣ በሳታ ገመድ የሚሠራ ኤስ ኤስ ዲ እስከ 550 ገደማ ያነባል። ልዩነቱ ኮምፒዩተሩ ሲነሳና ጨዋታው ሲከፈት በግልጽ ይታያል። በጨዋታው መካከል አዲስ ቦታ ሲገባ የሚፈጠረውን መደናቀፍም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ በሴኮንድ የሚወጣውን ፍሬም ከ40 ወደ 60 ያወጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

3ኛ) ግራፊክስ ካርድ። በ«ለ» ፈተና ካርዱ ዘገምተኛ ሆኖ ከተገኘ እሱን መለወጥ ከሁሉ የላቀ ውጤት ይሰጣል። ነገር ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ኃይል ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ቦታ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ባለ 6 እግር መሰኪያ ሌላ 75፣ ባለ 8 እግር ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂ ቲ ኤክስ 1050 ቲ አይ 75 ዋት የሚፈልግ በመሆኑ አብዛኛው ዓይነቱ ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አር ኤክስ 580 ግን 185 ዋት ይፈልጋል። ከዚህም ሌላ የካርዱን ርዝመት በማስመሪያ ለክቶ ከሣጥኑ ጋር ማመዛዘን ያስፈልጋል። አንዳንድ የቢሮ ኮምፒዩተር ሣጥን ቀጭን ስለሆነ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ካልሆነ አይቀበልም።

4ኛ) ፕሮሰሰር። እዚህ ላይ ወሳኙ መቀመጫው፣ ማለትም ሶኬቱ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡት ኢንቴል ኮር አይ5 3470 እና አይ7 3770 ሁለቱም ኤል ጂ ኤ 1155 በሚባለው ሶኬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም 77 ዋት ናቸው። የመጀመሪያው 4 ሥራ ባንድ ጊዜ ሲይዝ ሁለተኛው 8 ይይዛል። ስለዚህ ማዘርቦርዱ የሚያውቀው ከሆነ አንዱን አንስቶ ሌላውን ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያ በላይ አዲስ ትውልድ ከተፈለገ ግን ማዘርቦርዱም፣ ብዙውን ጊዜ ራሙም ይለወጣል። ያን ጊዜ ነገሩ ጥገና መሆኑ ቀርቶ አዲስ ግዥ ይሆናል።

5ኛ) ፓወር ሰፕላይ። ፍጥነት አይጨምርም፤ ስለዚህ ማንም አይወደውም። ነገር ግን ሁሉም የሚበላው ከሱ ነው። የማይታወቅ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ሌሎቹንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በላዩ የተጻፈውን ዋት ማንበብ፣ መሰኪያዎቹን መቁጠር፣ መብራት በሚዋዥቅበት አካባቢ ደግሞ ስታብላይዘር ማስቀደም ተገቢ ነው።

6ኛ) ስክሪን። ባለ 60 ኸርዝ ስክሪን በሴኮንድ ከ60 በላይ ሙሉ ሥዕል አያሳይም። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ 60 የሚያወጣ ከሆነና ስክሪኑ ባለ 60 ከሆነ፣ ወደ 120 ለማድረስ የሚወጣው ብር በዓይን አይታይም ማለት ነው።

መግዛት የማይገባበት ጊዜ

ላፕቶፕ ያላችሁ ጓደኞች በአብዛኛው ካርዱንና ፕሮሰሰሩን መለወጥ አትችሉም፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸውና። የሚለወጠው ዲስኩና፣ እንደ ዓይነቱ፣ ራሙ ነው።

የዴስክቶፕ ባለቤቶችም ብትሆኑ ዕድሜውን አስቡ። የጨዋታዎች ፍላጎት ባለበት አይቆምም። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ዝቅተኛ መስፈርቱ 8 ጊጋ ባይት ራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን አዘጋጆቹ መስፈርቱን አሻሽለው 12 ጊጋ ባይት ራምና ኤስ ኤስ ዲ ጠይቀዋል። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ወገን 8ኛውን ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ ያለውን ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ስለዚህ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የሚጨመረው ዋጋ የኮምፒዩተሩን ግማሽ ዋጋ ካለፈ፣ ብሩን አስቀምጦ ሌላ የተሻለ መግዛት ይመረጣል ባይ ነኝ። ኤስ ኤስ ዲ፣ ስክሪንና ደኅና ፓወር ሰፕላይ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ቀጣዩ ኮምፒዩተር ሊሸጋገሩ ስለሚችሉ ለነሱ የወጣ ብር አይጠፋም።

የወንድሜ ነገር የት ደረሰ?

ከጥቂት ቀናት በኋላ በሠፈራችን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ በደጃችን ሲያልፉ ወንድሜ ጠራቸው። እሳቸውም ስለ ዋጋው ሳይጠይቁ ከላይ በ«ለ» የጻፍኩትን ፈተና አሠሩን። በ1920 በ1080 ግርግሩ ውስጥ 40 ፍሬም ነበር። ወደ 1280 በ720 አወረዱት፤ 41 ሆነ። ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ካርድህ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ የታመመው ሌላ ነው» አሉት። ሣጥኑን ሲከፍቱም ራሙ ባለ 8 ጊጋ ባይት ሆኖ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ቦታ ባዶ ነው። ፕሮሰሰሩም ከላይ የጠቀስኩት አይ5 ነበር።

ወንድሜ ሌላ ባለ 8 ራምና ያገለገለ አይ7 ገዛ። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ የትልቁን ካርድ ሩብ አልሞላም። ግርግሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ወደ 55 ወጣ። ለማረጋገጥም ያቺን የድሮዋን ትንሽ ካርድ መልሰን ገጠምናት፤ የልጆቹ ጨዋታ በዝቅተኛ ሥዕል ስለሚሄድ ያው 55 ሆነ። ትልቁ ካርድ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። በኪሳራ ተሸጠ።

ወንድሜ የዚያኑ ሳምንት እህታችን ስትደውል እውነቱን ነገራት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «ታዲያ መጀመሪያ ብትጠይቅ ምን ነበረበት?» አለችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይቀለው እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። ልጆቹ ግን ተመልሰው መጥተዋል፤ ከገቢውም በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቆጠበ የእህታችንን ብር እየመለሰ ነው።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ለምርመራው መድቡ፤ የፍሬሙን ቁጥር፣ የራሙን ዓይነት፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋትና የሶኬቱን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ሻጭ ፊት ስትቆሙ ወረቀቱን አሳዩና ጠይቁ። በጽሑፌ ውስጥ ስህተት ያገኘ መምህር ወይም ጓደኛ ቢያርመኝ ደስታዬ ነው። ምርመራውን አብረን እንሥራ የሚለኝም ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝግጁ ነኝ፤ የሚያስፈልገው ደብተርና ብሩሽ ብቻ ነው።

ለዛሬው በዚሁ ላብቃ። ቸር ያገናኘን።